መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው

እንግሊዝኛ አልችልም ነበር። ሌላ ሰው ከሚነግርብኝ እኔው ልንገራችሁ። ስምንተኛ ክፍልን ሁለቴ ወድቄ ትምህርት የተውኩ ሰው፣ ንፋስ ስልክ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ በነበረው የሸምሱ ቪዲዮ ቤት ማይክ ይዤ የፈረንጅ ፊልም እተረጉም ነበር። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ተዋናዩ ሁለት ቃል ከተናገረ እኔ ሃያ እናገርለታለሁ። የገባኝን እተረጉማለሁ፣ ያልገባኝን እፈጥራለሁ፤ እውነቱን ለመናገር የምፈጥረው ይበዛል። ሰው ከሳቀ ወይም ከጮኸ ትርጉሙ ልክ ነበር ማለት ነው።

ቪዲዮ ቤት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። የቆርቆሮ ክፍል፣ ስድስት አግዳሚ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ አለቀ። ሸምሱ ግን ነጋዴ ነው። የኔ ድምፅ መንገድ ድረስ እየተሰማ ሰው እንዲስብለት በሩ ላይ አንድ ትልቅ ሞንታርቦ ሰቅሎ ነበር። ስለዚህ ከፍሎ የገባው ብቻ ሳይሆን ዳቦ ሊገዛ የሚያልፈውም፣ ደጃፉ ላይ ልብስ የሚያሰጣውም ሲሰማኝ ይውላል።

ከካሴቶቹ ሁሉ ሰው የወደደው አንዱን ነው። ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ተፍቆ ስለነበር ርዕሱን አናውቀውም፤ እኛ “አውሮፕላኗ” ነበር የምንላት። ባለ አራት ፕሮፔለር ናት፣ ነጭ፣ ወገቧ ላይ ቀይ መስመር አላት፣ አፍንጫዋ ባንድ ጎኑ ጨርመት ብሏል። ተራራ ላይ ተከስክሳ ከስንት ዓመት በኋላ በጉም ውስጥ ተመልሳ ታርፋለች። በሯ ሲከፈት ተሳፋሪዎቹ ቀበቷቸውን እንዳሰሩ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ሙታን ናቸው። አስተናጋጇም ሞታለች፣ ግን ወረቀት ይዛ በመካከላቸው እየሄደች ስም ትጠራለች። የተጠራው ሰው ፊቱን ወደኛ ያዞራል፤ ያ ፊት የሰው ፊት አይደለም። እኔ ታዲያ የፈረንጆቹን ስም ትቼ የሰፈራችንን ሰው እጠራለሁ። “አቶ ግዛው፣ የእድራችን ዳኛ” ስል አንዱ ራሰ በራ ሬሳ ዞር ይላል፣ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል።

መጨረሻ ላይ የምትጠራው መስኮቱ ጋ የተቀመጠች ልጅ ናት። እሷ ብቻ አትዞርም። ፀጉሯንና አንገቷን ብቻ ነው የምናየው፤ ወደ ውጭ ትመለከታለች። አስተናጋጇ ሦስት ጊዜ ትጠራታለች፣ ሦስት ጊዜም ዝም ትላለች፣ ከዚያ መብራቱ ይጠፋል። ያንን ቦታ ለመሠረት የሰጠኋት እኔ ነኝ።

መሠረት የእትዬ ሙሉ ልጅ ናት። እትዬ ሙሉ ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ፣ ልክ ከሞንታርቦው ሥር፣ ቆሎ ይሸጡ ነበር፤ ባላቸው ሞቶ ይህቺን አንዲት ልጅ ያሳደጉት በዚያው ሰፌድ ነው። ለመሠረት አንድ ጊዜ የፍቅር ደብዳቤ ጽፌላት ነበር። ጓደኞቿን ሰብስባ ጮክ ብላ አነበበችው፤ የፊደል ስህተቴን ሳይቀር እያስተካከለች። ነገሩን በሆዴ ይዤ ቆየሁ። በደላላ በኩል ቤሩት ለሰው ቤት ሥራ ስትሄድ ሰፈሩን ቤት ለቤት ዞራ ተሰናበተች፤ እኔን ዘለለችኝ። በሳምንቱ እሁድ አስተናጋጇ መስኮቱ ጋ ስትደርስ “መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው፣ መሠረት!” አልኩ። ሦስቴ። ዛሬ ቀልድ ነበር ብላችሁ ውሸት ነው፤ ሞቷን እየተመኘሁ ባይሆንም እያቃጠልኳት ነበር።

እሱም አልበቃኝም። “ይቺን አውሮፕላን የውሸት እንዳትመስላችሁ፣ ፊልሙ ሲያልቅ ላረቦች ተሸጣለች፣ አሁንም ሰው ትጭናለች፣ በላያችን የምታልፈው እሷ ናት” ብዬ ጨመርኩበት። ቦሌ የሚያርፉት በኛ ሰፈር ላይ ዝቅ ብለው ነው የሚያልፉት። ከዚያ ወዲያ አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ሰው ሁሉ ቀና እያለ “መጣች” ማለት ጀመረ።

እትዬ ሙሉ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ሳቁ። ልጄን ሥራ ሳትጀምር ገደልክብኝ አሉኝና የቆሎ ገለባ ወረወሩብኝ። እያደር ደግሞ ይጠብቁት ጀመር። እሁድ ከስምንት ሰዓት በኋላ ስሟ በሞንታርቦው ሦስቴ ሲጠራ መስፈራቸውን ትተው ያዳምጣሉ። ፊልሙን አንድም ቀን ገብተው አላዩትም፣ ሰፌዱን ለማን ትተው? አንድ እሁድ እንዲህ አሉኝ፦ “ስሟን የሚጠራልኝ አንተ ብቻ ነህ። ብቻዬን ቤት ተቀምጬ ማንን ልጥራ?” ይህን ሲሉኝ ማፈር ነበረብኝ። አላፈርኩም።

አምስት ወር እንዲህ አለፈ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አቶ ግዛው መጥተው እኔንና ሸምሱን ወደ ጓሮ ወሰዱን። በሰፈሩ ስልክ ያለው ሦስት ቤት ነው፤ አንዱ የሳቸው ነው። ከቤሩት ተደውሎላቸው ነበር። መሠረት ከሦስተኛ ፎቅ ሰገነት ወድቃ ሞታለች። ወደቀች ይሁን ተገፋች የደወለው ሰው አላወቀም። እዚያው ቀብረናታል፣ አስከሬን አይመጣም ብሎ ዘጋው።

እንግዲህ የኛን ነገር ታውቁታላችሁ። መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። ዘመድ ይጠራል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ድንኳን ይዘጋጃል፤ ከዚያ ጎህ ሳይቀድ በር ተንኳኩቶ ባለቤቱ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ይነገረዋል። እስከዚያ ድረስ ሰፈር ሙሉ ያውቃል፣ የሞተበት ሰው ብቻ አያውቅም። የእትዬ ሙሉ ወንድም ከአሰላ መምጣት ስለነበረባቸው መርዶው ለሰኞ ንጋት ተቆረጠ።

“እስከ ሰኞ አንዲት ነገር እንዳትሸታት” አሉ አቶ ግዛው። “ልቧ ደካማ ነው፣ ዘመድ ሳይደርስላት ሜዳ ላይ ብትሰማ ትሞትብናለች። ቤቱንም እንዳትዘጉ፤ እሁድ ዘግታችሁ ካየች ትጠረጥራለች። አንተም እንደ ወትሮህ ለፍልፍ።”

ስሟንስ ልጥራ? ብዬ ልጠይቃቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፈራሁ። የሞተችውን ልጅ አምስት ወር ሙሉ ሬሳ እያልኩ ስጠራት እንደኖርኩ በራሴ አፍ ማስታወስ አልፈለግሁም። ያቺን አንዲት ጥያቄ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ይህን የምጽፍላችሁ አይመስለኝም።

እሁድ ነጋ። እትዬ ሙሉ እንደ ልማዳቸው ሰባት ሰዓት ላይ ሰፌዳቸውን ይዘው መጡ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። ሰፈርተኛው ደግሞ አዘነላቸው። ምን ያድርግ? ማልቀስ አይችል፣ መንገር አይችል፣ አይናቸውን ማየት አይችል። ስለዚህ ቆሎ ገዛ። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ሁሉ ገዛ፤ ጥርስ የሌላቸው አሮጊት ሳይቀሩ ገዙ። ከእትዬ ሙሉ ጋር ሁለት ዓመት የተኮራረፈች ጎረቤታቸው እንኳ መጥታ ሁለት ብርጭቆ አሰፈረች። እሳቸው በጋዜጣ እየጠቀለሉ ይሰጣሉ፣ ይመርቃሉ፣ ይስቃሉ። ዛሬ በቀኝ ጎኔ ነው የተነሳሁት አሉኝ ሳልፍ። ከሳቸው ፊት በፍጥነት ሸሸሁ።

ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ሰፌዱ ባዶ ሆነ። በሕይወታቸው እንዲህ ሆኖላቸው አያውቅም። ሸምሱና እኔ ተያየን፤ ቆሎው ካለቀ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፣ ተገላገልን ብለን ነበር። እትዬ ሙሉ ግን ሰፌዱን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ወደ በሩ መጡ።

“ሥራ የለኝ፣ ምን አስቀመጠኝ? ዛሬስ ገብቼ ልያት” አሉ።

ሸምሱ በሩ ላይ ቆመ። ፊልሙ የሚያስፈራ ነው፣ ለርስዎ አይሆንም፣ ሌላ ቀን ጥሩ የህንድ ፊልም አስገባዎታለሁ አለ፤ ላቡ ግንባሩ ላይ ወጥቷል። እትዬ ሙሉ ከትከት ብለው ሳቁበት።

“ልጄ ያለችበት ምን ያስፈራኛል?”

ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ቢከለክላቸው ይጠረጥራሉ። ገቡ።

ቤቱ ሙሉ ነበር። ሲገቡ ጫጫታው ባንዴ ቀጥ አለ፤ ከዚያ ሰው ጥፋቱ ታወቀውና ሁሉም ባንዴ ማውራት ጀመረ። የፊት አግዳሚ ለቀቁላቸው። አጠገባቸው የሚቀመጥ ግን ጠፋ። በመጨረሻ የመሠረት ጓደኛ ትዕግስት መጥታ ተቀመጠች፤ ያቺ ደብዳቤዬ ሲነበብ ቆመው ከሰሙት አንዷ ናት። እኔ ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማዬ ላይ ነኝ፤ በእኔና በእትዬ ሙሉ መካከል ሁለት ክንድ ቢሆን ነው።

ፊልሙ ጀመረ። አውሮፕላኗ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ስትል እትዬ ሙሉ ወደ ፊት ተሳቡ። “ይቺ ናት?” አሉኝ። ማይኩን አፌ ላይ እንደያዝኩ ራሴን ነቀነቅሁ። “አፍንጫዋ እኮ ተጎድቷል። እንዴት በዚህች ሰው ይጭናሉ?” አሉ። ሌላ ቀን ቢሆን ሰው ወለሉ ላይ ይንከባለል ነበር። አንድም ሰው አልሳቀም። እትዬ ሙሉ ወደኋላ ዞር ብለው ሰዉን አዩና ተመልሰው ዞሩ።

እኔ እለፈልፋለሁ። ምን እንዳልኩ አላውቅም። ጭንቅላቴ ያለው ወደፊት በምትመጣው አንዲት ደቂቃ ላይ ብቻ ነው። ስሟን ከጠራሁ፣ የሞተችን ልጅ በእናቷ ፊት ሬሳ ብዬ ልጠራ ነው፤ የሚያውቀው ሁሉ እየሰማ። ካልጠራሁ ደግሞ እናቷ እሱን ሊሰሙ ነው የተቀመጡት። ዴኩ ካሴቱን እንዲበላ ተመኘሁ። መብራት እንዲጠፋ ተመኘሁ። በዚያ ዘመን በሳምንት ሦስቴ የሚጠፋ መብራት ያን ቀን ድርግም አላለም።

አስተናጋጇ ወረቀቷን ይዛ ተነሳች። “አቶ ግዛው፣ የእድራችን ዳኛ” አልኩ። ራሰ በራው ዞረ። ጸጥታ። “ሸምሱ ነጋዴው” አልኩ። ጸጥታ። ከኋላ አንድ ሰው ለመሳቅ ሞከረና መሀል ላይ ተወው። አስተናጋጇ ወደ መስኮቱ ሄደች። የልጅቷን ፀጉርና አንገት አየን።

አስተናጋጇ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። ከፈተች፣ ዘጋች። ለሦስተኛ ጊዜ ከፈተች፣ ዘጋች። እኔ ማይኩን እንደያዝኩ ዝም አልኩ።

“ምነው?” አሉ እትዬ ሙሉ። ቀስ ብለው ነው። “የኔን ልጅ ዘለልካት።”

አምስት ወር ሙሉ ያለ ሥራዬ ስቀላምድ የኖርኩ ሰው የማውቀው አንድ ሥራ መዋሸት ነው። እሱን አደረግሁ።

“ወርዳለች፣ እትዬ ሙሉ።”

“የት ወረደች?”

“እዚያው… ቀድማ ወርዳለች።”

“አውሮፕላን እኮ መንገድ ላይ አያወርድም” አሉ።

ትዕግስት አጠገባቸው አፏን በሁለት እጇ ያዘች። እትዬ ሙሉ መጀመሪያ እሷን አዩ። ከዚያ ተነስተው ወደ ሰዉ ዞሩ፤ የቴሌቪዥኑ መብራት ከጀርባቸው ነበር። ሁሉም አንገቱን ደፋ። እሳቸው ያዩት ግን ፊቱን አልነበረም። የሰዉን ጭን ነው ያዩት። እያንዳንዱ ሰው ጭኑ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቆሎ ይዟል፤ ማንም አልፈታውም፣ ማንም አንድ ፍሬ አልቀመሰም።

“ለዚህ ነው ቆሎዬን የገዛችሁኝ?” አሉ።

ከዚያ ጮኹ። ማይኩ በእጄ ነው፣ ክፍት ነው፤ መዝጋት ትዝ አላለኝም። ጩኸታቸው በሞንታርቦው ወጥቶ ሰፈሩን ሁሉ ሞላው። ነገሩን የማያውቅ መንገደኛ ፊልሙ የጮኸ መስሎት ቆሞ ይስቅ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። አቶ ግዛው ድምፃቸውን አውቀው ባንድ እግር ጫማ ሮጠው መጡ። እትዬ ሙሉን ሴቶቹ ከመሬት አንስተዋቸዋል። አቶ ግዛው ማይኩን ከእጄ ነጥቀው ጣሉትና በጥፊ አጮሉኝ፤ ሰው የሚያደርገው ሲያጣ እንደሚመታው ዓይነት ነው፣ አልከፋኝም።

ሰኞ ንጋት ወንድማቸው ለመርዶ ከአሰላ ሲደርሱ ድንኳኑ ተተክሎ፣ እህታቸው ደረታቸውን ሲደቁ አገኟቸው። ምነው ሳትጠብቁኝ አሉ። ሁሉም እኔን አሳየ።

ከዚያ ስሜ ሟርተኛ ሆነ። አምስት ወር ሙሉ ሬሳ ሲላት ከርሞ አፉ በላት አሉ። በምሽቱ የሸምሱን ቆርቆሮ በድንጋይ ቀጠቀጡት፤ የቀጠቀጡት እነዚያው በሳቅ ሲንከባለሉ የነበሩት ናቸው። ሸምሱ በወሩ ቤቱን ዘግቶ እህል መነገድ ጀመረ።

በሰልስቱ እትዬ ሙሉ አስጠሩኝ። ድንኳኑ ሙሉ ለቀስተኛ ነው። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መሬት ተቀምጠዋል፤ ድምፃቸው ተዘግቷል። ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ።

“የዘለልከውን ጥራ” አሉኝ።

እምቢ አልኩ። ደገሙት። ወንድማቸው ጥራላት ብለው ገፋ አደረጉኝ። ያለ ማይክ፣ ድንኳን መሀል ቆሜ “መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው፣ መሠረት” አልኩ። ሦስቴ።

“ትዞራለች?” አሉኝ።

“አትዞርም።”

“አንዴም?”

“አንዴም አትዞርም፣ እትዬ ሙሉ።”

“ፊቷን ሳላይ ቀረሁ” አሉ። ከዚያ አውሮፕላኗ በላያችን ታልፋለች ያልኩት ከራሴ የፈጠርኩት ውሸት እንደነበር ልነግራቸው ሞከርኩ። ለማፅናናት መስሎኝ ነው። በእጃቸው አስቆሙኝ። ያኔ ነው እውነቱን የተናገርከው አሉኝ፤ የዋሸኸኝ ወርዳለች ያልከኝ ቀን ነው። እስከ አርባዋ ድረስ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር እየወጡ ቀና ብለው ያዩ ነበር። ሲያዩ እያየሁ ሌላ መንገድ እዞራለሁ።

ማይክ ድጋሚ አልያዝኩም። ቴሌቪዥንና ሬዲዮ መጠገን ተማርኩ፣ አገባሁ፣ ከዓመታት በኋላ ለቡ ወደሚባል ሰፈር ገባሁ። ውሸት ግን ከዚያ ወዲህ ካፌ አልወጣ አለኝ። ባዲሱ ሰፈር እድር አንድ ንጋት ሽማግሌዎቹ ለአንድ ሰውዬ “ትንሽ አሞት ነበር፣ ሆስፒታል ገብቶ ነበር” እያሉ ሲያንዛዙበት አላስቻለኝም፤ “ወንድምህ ሞቷል” አልኩት። ሽማግሌዎቹ ተቆጡ። ሰውዬው ግን በኋላ አመሰገነኝ። ከዚያ ወዲህ መርዶ ሲኖር የሚልኩት እኔን ነው። ሰላምታ አላበዛም፣ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እናገራለሁ። ጨካኝ የሚለኝ አለ። እኔ ግን በዚያች እሁድ የተማርኩት ይህንን ነው፣ ሰው እውነቱን ሳይውል ሳያድር ማወቅ አለበት እያልኩ እኮራ ነበር።

ከጥቂት ዓመት በፊት በፋሲካ ማግሥት እትዬ ሙሉን ልጠይቅ ንፋስ ስልክ ሄድኩ። አርጅተዋል፣ አይናቸው ደክሟል፣ ግን አወቁኝ። ዳቦ አስቆረሱኝ። ሥራዬን ነገርኳቸው፤ ከርስዎ ነው የተማርኩት፣ ያን ቀን ሰው ሁሉ ሲደብቅዎ መዋሉ ነው የጎዳዎ አልኳቸው። ምርቃት የጠበቅሁ ይመስለኛል።

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ።

“ቆሎዬ አልቆ ነበር” አሉኝ። “ደስ ብሎኝ ነበር። ልጄ ደህና ናት ብዬ የምተኛባት አንዲት ሌሊት ቀርታኝ ነበር። እሷን ወሰድክብኝ። ብትጠራት ምን ነበረበት?”

ዳቦውን ሳልቀምስ አስቀመጥኩት።

እናንተ የምታነቡኝ፣ የምመክራችሁ ነገር ቢኖረኝ ደስ ባለኝ፤ የለኝም። እድሩ አሁንም ይልከኛል፣ እኔም እሄዳለሁ። ግን በሩን ከማንኳኳቴ በፊት ደጃፉ ላይ እቆማለሁ። አብረውኝ የመጡት ይነጋብናል እያሉ ይጎትቱኛል። ውስጥ ሰው ሲያንኮራፋ ከሰማሁ፣ ትንሽ እጠብቃለሁ።